የሴፍቲኔት ድጋፍና የግብር ግዴታ በሰሜን ሸዋ

የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ፣ በመንግሥትና ዓለም ባንክን በመሳሰሉ ለጋሾች ገንዘብ የሚካሄድ፣ የዓመት ቀለባቸው በየጊዜው የሚጎድልባቸውን የገጠር ቤተሰቦች የሚደግፍ ሥርዓት ነው። ቀድሞ ድርቅ በገባ ቁጥር አስቸኳይ እርዳታ ይጠየቅ ነበር፤ እህሉ እስኪደርስ ግን ብዙ ገበሬ በጉንም በሬውንም ሸጦ ይጨርስ ነበር። በሰሜን ሸዋ ችግሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው አካባቢዎች መካከል የመንዝና የግሼ ደጋ ይገኙበታል፤ በዚያ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፣ በልጉ ይቀራል፣ ማሳውም ተዳፋት ነው።

ድጋፉ እንዲያው የሚታደል አይደለም። መሥራት የሚችል ሰው ያለው ቤተሰብ፣ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት፣ በእርከን ሥራ፣ በመንገድ ጠረጋና በምንጭ ማጎልበት ይሳተፋል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን የሚታሰብ ሲሆን፣ የቀን ክፍያው በጅምሩ ዓመት 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በዚህ ስሌት አምስት ነፍስ ያለው ቤት በወር 25 ቀን ይደርሰዋል፤ የሚሠራው ሰው አንዲት እናት ብቻ ከሆነች ደግሞ የራሷ ማሳ ጦም ያድራል። አንድ ሰው በወር የሚሠራው ቀን ጣሪያ እንዲኖረው የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነው። አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ ሰዎች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ለጊዜው ወደዚሁ ይዛወራሉ።

ብዙ የሚያከራክረው ምረቃ የሚባለው ነው። ጥሪት ያፈራና ያለ ድጋፍ ዓመቱን የሚዘልቅ ቤተሰብ ከመርሐ ግብሩ ይወጣል። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አንድ ጥሩ መኸር ወይም ጥቂት በጎች ለምረቃ በቂ ማስረጃ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲዘልቅ፣ በዞኑ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ያፈራውን ሀብት ያለ አንዳች ጥፋቱ አጥቷል።

በሌላ በኩል ዜጋው ለመንግሥት የሚከፍለው አለ፤ ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር፣ የመሐል ሜዳና የአጣዬ ነጋዴ ደግሞ የንግድ ገቢ ግብር። የታክስ ሕግ የሚያወጡት ክልሎችም ጭምር ናቸው፤ በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግን ግብሩን በወቅቱ ያልከፈለ ሰው ለመጀመሪያው ወር ወይም ለወሩ ከፊል ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ይቀጣል፤ ወለዱ ለብቻው ይታሰባል። ቅጣቱ ካልተከፈለው ግብር እንዳይበልጥ አዋጁ ይገድባል።

መዘግየት በነጋዴው ላይ እንዲህ በወር እየተቆጠረ ሲያስቀጣ፣ የሴፍቲኔት ክፍያ ሲዘገይ ግን ተጠቃሚው የሚያገኘው ያንኑ ውዝፍ ብቻ ነው። ክፍያ መዘግየቱ ከመርሐ ግብሩ የቆዩ ችግሮች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በግንቦት ለቀለብ የታሰበው ገንዘብ ሐምሌ ላይ ቢመጣ፣ እናቲቱ በመሐል የተበደረችውን እህል ከነወለዱ የምትከፍለው ራሷ ናት። የቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴዎች ያለ አግባብ ከዝርዝር የቀረ ወይም የተሰረዘ ሰው የሚያቀርበውን ቅሬታ ይመለከታሉ፤ የክፍያ መዘግየትም በዚያው ልክ ሊመዘገብና ለኪሳራው ማካካሻ ሊታሰብለት ይገባል።