እከክና የሰውነት መከላከያ፦ ከድሬዳዋ አንጻር

ድሬ ላይ ቆዳ ሲያሳክክ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሙቀቱ ነው። «የሙቀት ሽፍታ ነው፣ ይጠፋል» ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ማሳከኩ ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መሀል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ የሚወጣ፣ ሌላም የቤት ሰው የሚያክ ከሆነ ግን እከክን መጠርጠር ነው።

እከክን የምታመጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ጥገኛ ተባይ ናት። ቆዳ እየሰረሰረች በቀን 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ በሚያድር ሰው ላይ ያሉት ተባዮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው። ያን ሁሉ ማሳከክ የሚቀሰቅሰው በዋናነት የራሳችን መከላከያ ነው።

ሥራው የቲ ሴሎች ነው። እነዚህ ነጭ የደም ሴሎች ተባይዋን፣ እንቁላሏንና ዓይነ ምድሯን እንደ ባዕድ ለይተው ቆዳውን ያስቆጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ሰውየው አያክም፤ ያስተላልፋል ግን። ዳግመኛ ሲያዝ የቀድሞውን የሚያስታውሱ ቲ ሴሎች ስላሉ በቀናት ውስጥ ማከክ ይጀምራል።

ለድሬ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ይሄ ይመስለኛል። ሙቀቱ ሲበረታ ልጆች ደጅ በአንድ ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ። የሚያከው ልጅ ብቻውን ይታከማል። አጠገቡ የተኛው ወንድሙ ገና አልጀመረውም። ከሳምንታት በኋላ እከኩ ይመለስና «መድኃኒቱ አይረባም» ይባላል። ስለዚህ ያከውም ያላከውም በአንድ ቀን መታከም አለበት።

መከላከያው ሲዳከም፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ ሲኖር፣ ተባዮቹ በሺዎች ይባዛሉ፤ ቆዳውም ወፍራም ቅርፊት ያወጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ የስቴሮይድ ክሬምም ቲ ሴሎቹን ዝም ያሰኛል፤ ተባይዋን አይነካትም። ማሳከኩ ጋብ ሲል ሰው የዳነ ይመስለዋል።

ፐርሜትሪን፣ ቢቢኤል (ቤንዚል ቤንዞኤት)ና የድኝ ቅባት የሚቀቡ፣ ኢቨርሜክቲን ደግሞ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ኢቨርሜክቲን እንቁላሉን ስለማይገድል ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። ልብስና አንሶላ በፍል ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ለአንድ ሳምንት ይቀመጣል።

ከሕክምናው በኋላም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ቲ ሴሎቹ በሞቱት ተባዮች ቅሪት ላይ ገና እየሠሩ ነውና። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ደጋግሞ መቀባት ቆዳውን ያቆስላል። ከዚያ ካለፈ ወይም አዲስ ሽፍታ ከወጣ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው።