«ዳታቤዙ ነው ያበላሸው» ለሚሉ
ኮድ ለሚለማመዱ የባሕር ዳር ልጆች የምሰጠው መልመጃ ሁሌም ያው ነው፦ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት የሚሻገሩ ጀልባዎችን ተሳፋሪ የሚመዘግብ ፕሮግራም። የሚመጣልኝ ስሞታም ያው ነው፤ ጥፋቱ የኮዱ፣ ወቀሳው የዳታቤዙ።

«ለእያንዳንዱ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ ለሚላክ ጥያቄ) አዲስ ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኝ መስመር) ብከፍት ምን አለበት?»
ለልምምድ ምንም። ሥራ ሲበዛ ግን ጉድ ይፈላል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ራሱን የቻለ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም) ያስነሳል፤ ማስተካከያው ካልተነካ ጣሪያው 100 ነው፣ የሌላው ዳታቤዝ የማይኤስኪውኤል ደግሞ 151። ተከፍቶ ሳይዘጋ የቀረው ሲጠራቀም ቀጣዩ ከበር ይመለሳል። ለአንድ መንገደኛ አንድ ጀልባ አይሠራም፤ ያደረሰችው ተመልሳ ሌላውን ትጭናለች። የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን ይዞ በየተራ የሚያውሰው የኮኔክሽን ፑል ሥራም ይኸው ነው።

«የእኛን ትንሽ ሲስተም ማን ሀክ ያደርገዋል?»
ይህን የሚለኝ ተጠቃሚው የጻፈውን በመደመር ምልክት ከኩዌሪው ጋር የሚሰፋ ልጅ ነው። ሀከር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ኦ'ብራየን የሚባል ቱሪስት ስሙን ሲያስመዘግብ መሃል ላይ ያለችው ነጠላ ጥቅስ ጽሑፉን ቀድማ ትዘጋውና ኩዌሪው ይሰበራል። ክፉ ሰው ከመጣ ደግሞ በዚያችው ቀዳዳ የራሱን ትእዛዝ ያስገባል። ጥቅሷን መሰረዝ መፍትሔ አይደለም (የሰውየው ስም እኮ ነው!)። መፍትሔው ኩዌሪው ውስጥ በስሙ ቦታ ምልክት አስቀምጦ ስሙን ለብቻው መላክ ነው፤ ፓይተን ኤስኪውላይት ከሚባለው ዳታቤዝ ጋር ሲሠራ ምልክቷ «?» ናት።

«ዳታቤዙ ቀርፋፋ ነው።»
ለ200 ተሳፋሪ ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ውስጥ 200 ጊዜ ከጠየቅኸው ምን ያድርግ? በጆይን (ቴብሎችን አያይዞ በሚያመጣ ኩዌሪ) አንዴ ጠይቀው።

«አማርኛ አይችልም፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ያወጣል።»
የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ያንን ቁጥር ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የጥያቄ ምልክት የሚመጣው ቴብሉ (ሠንጠረዡ) ወይም ኮኔክሽኑ የላቲንን ፊደል ብቻ በሚያውቅ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት መለወጫ ደንብ) ሲቀር ነው። አንዴ «???» ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ ስሙ ጠፍቷል፤ ኢንኮዲንጉን በኋላ ማስተካከል አይመልሰውም።

ይህ ተስተካክሎም ፍለጋው ባዶ ሊመለስ ይችላል። መዝጋቢው የዘጌውን ገዳም «ኡራ ኪዳነ ምሕረት» ብሎ ጽፏል፣ ፈላጊው «ምህረት» ይላል። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለዳታቤዙ ሕ እና ህ ባዕድ ናቸው። የከተማችንን ስም እንኳ ባሕርም ባህርም ብለን እንጽፈው የለ? እኔ የማደርገው፦ የተጻፈው እንዳለ ይቀመጣል፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ኮለም (ዓምድ) ይጨመርና ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ተለውጠው ይገቡበታል። ፈላጊው የሚጽፈውም ኩዌሪው ከመላኩ በፊት በዚያው ኮድ ያልፋል።