የጥገኝነት ሥርዓትና ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ጠያቂዎች

የስደተኞችን መብት የሚደነግገው የ1951 የጄኔቫ ስምምነት (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ሰው በአገሩ መሳደድ ያሰጋዋል የሚባልባቸውን አምስት ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ እነሱም ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከትና የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል መሆን ናቸው። ጾታ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በመሆኑም የተደፈረች፣ ያለፈቃዷ የተዳረች ወይም ግርዛት የሚጠብቃት ሴት የደረሰባትን ጉዳት ማስረዳቷ ብቻ አይበቃትም፤ ጉዳቱ ከአምስቱ በአንዱ ምክንያት የመጣ መሆኑንም ማሳየት ይጠበቅባታል። ካናዳ በ1993፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ደግሞ በ2002 ስምምነቱ ጾታን ባገናዘበ መንገድ እንዲተረጎም መመሪያ አውጥተዋል። መመሪያዎቹ ግን ሕጉን አልቀየሩትም፤ ብዙዎቹ ሴቶች ዛሬም የሚገቡት «ማኅበራዊ ቡድን» በምትለው ጠባብ በር ነው።

ይህች በር አንዴ ስትከፈት አንዴ ስትዘጋ በግልጽ የታየችው በአሜሪካ ነው። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1996 ከቶጎ ግርዛት ሸሽታ ለመጣች ወጣት ጥገኝነት ፈቀደ። በ2004 የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና የልጇን ጉዳይ መርምሮ፣ ልጇ ስትገረዝ በግድ ማየትን የምትፈራ እናት ራሷም ጥገኝነት ሊሰጣት እንደሚችል ወሰነ። ቦርዱ በ2014 ከባሏ ጥቃት ማምለጥ ላልቻለች ጓቲማላዊት ተመሳሳይ ዕውቅና ሰጠ፤ በ2018 የፍትሕ ሚኒስትሩ ያንን ውሳኔ ሻሩት፣ በ2021 ሌላ የፍትሕ ሚኒስትር የሽረቱን ውሳኔ አነሡት፣ በ2025 ደግሞ ጠባቡ መመዘኛ ተመለሰ። ሦስቱም ለውጦች የመጡት እያንዳንዳቸው በጊዜው በነበረው ሚኒስትር ፊርማ ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት ሴት ማመልከቻዋን ባስገባችበት ቀን የነበረው መመዘኛ በቀጠሮዋ ቀን ላይኖር ይችላል። ይህን ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብዳል።

አውሮፓ በሌላ አቅጣጫ ተጉዛለች። በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት ለመከላከል የወጣው የአውሮፓ የኢስታንቡል ስምምነት በአንቀጽ 60 በሴቶች ላይ የሚደርስ ጾታዊ ጥቃት እንደ መሳደድ እንዲታይ ያዛል፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በጥር 2024 የአንድ አገር ሴቶች በጠቅላላ ማኅበራዊ ቡድን ተብለው ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ወስኗል።

ሕጉ ቢሰፋም ባይሰፋም ጉዳዩ የሚወሰነው በቃለ መጠይቁ፣ በእኛ ማኅበረሰብ አጠራር በ«ኢንተርቪው» ነው። በአሜሪካ የጥገኝነት ቢሮ የሚቀርብ ጠያቂ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ እንግሊዝኛ ካልቻለ አስተርጓሚውን ይዞ መምጣት አለበት። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ የአንድ ዕድር አባል ወይም የዘመድ ወዳጅ ነው፤ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን በእሱ አፍ ማስነገር የብዙ ሴት ጉልበት አይችለውም። ብትናገር እንኳ «ተደፈርኩ» የሚለው ቃል ከአፏ ላይወጣ ይችላል። «አበላሹኝ» ትላለች፤ «እንደፈለጉ አደረጉኝ» ወይም «ክብሬን ወሰዱት» ትላለች። አማርኛ ለሚያውቅ ጆሮ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አስተርጓሚው ግን ቃል በቃል ከተረጎመው መርማሪው የሚሰማው «ችግር አደረሱብኝ» ያህል ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ነገሩ በግልጽ ሲነገር «ያኔ ለምን አላልሽም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ሌላው መሰናክል የዘመን አቆጣጠር ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጥቃት ደርሶባት በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከአገር የወጣች ሴት በእሷ ሒሳብ ሁለቱም የሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ ግን ኅዳሩ 2020፣ የካቲቱ 2021 ላይ ይውላል፤ ቅጹን የሞላላት ሰው ለሁለቱም ሰባት ዓመት ከደመረ ከአገር የወጣችው ጥቃቱ ሳይደርስ ነው ተብሎ ይጻፋል። በአሜሪካ በ2005 የወጣው የሪል አይዲ ሕግ እንዲህ ያለው አለመጣጣም የጉዳዩን እምብርት ባይነካም ለተዓማኒነት መመዘኛ እንዲውል ይፈቅዳል። ድንጋጤና ፍርሃት የሰው ትዝታ በቅደም ተከተል እንዳይቀመጥ እንደሚያደርጉ የአእምሮ ሐኪሞች ደጋግመው ያስረዳሉ፤ ቀን ያልዘነጋችና ሳትሰናከል የምትተርክ ሴት ብቻ እውነት ትናገራለች ብሎ መጠበቅ ስለዚህ ስሕተት ነው።

የጊዜ ገደቡም እንዲሁ ከጥቃቱ ባሕርይ ጋር አይስማማም። በአሜሪካ ማመልከቻው አገር ውስጥ በተገባ በአንድ ዓመት ጊዜ መቅረብ አለበት፤ ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ሊሆን ቢችልም የማስረዳቱ ሸክም በጠያቂዋ ላይ ነው። ወንዶች ደግሞ፣ በተለይ በእስር ቤት የተደፈሩ፣ ድብደባውን ተርከው የቀረውን ይውጡታል። ሕጉ የጠያቂው ምሥጢር ለአገሩ መንግሥት እንዳይገለጽ በመርሕ ይከለክላል፤ ይህንን አስቀድሞ የሚነገራቸው ግን ሁሉም አይደሉም።

ብዙ ትዳሮች በአንድ ፋይል፣ በባል ስም ይቀርባሉ። የእሱ የፖለቲካ ታሪክ ይጻፋል፤ እሷ እንደ ተጠቃሚ ብቻ ትመዘገባለች። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽኑ የ2002 መመሪያ ሴቶች ከቤተሰብ ተነጥለው እንዲጠየቁ የሚመክረው፣ ባል ታስሮ ሳለ ወታደሮች ቤት መጥተው ያደረጉባትን እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ልትናገር ስለማትችል ነው። በሯ ተዘግቶ ለብቻዋ ካልተጠየቀች፣ የባሏ ኬዝ ውድቅ በሆነ ጊዜ የራሷ ኬዝ እንደነበራት የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አይኖርም።