አስም ያለባቸውን ተማሪዎች ራሳቸውን እንዲጠብቁ ማስተማር፣ ከጎንደር አንፃር

ብዙ ሰው የአስም ትምህርት ሲባል ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ክፍል ገብቶ ስለ ሳንባ ሲያወራ ነው የሚታየው፣ ግን ዋናው ስራ ልምምድ ነው፦ ልጁ ፓፉን (ተጭነው በአፍ የሚስቡትን የአስም መድሃኒት) በትክክል መሳብ፣ ምን እንደሚቀሰቅስበት ማወቅ፣ መቼ ሰው መጥራት እንዳለበት መለየት። በሽታው የአየር ቧንቧ ተቆጥቶ ሲጠብ የሚመጣ ነው፣ ከሰው ሰው አይተላለፍም፣ ይሄ ደግሞ ለክፍሉ በሙሉ መነገር አለበት፣ አለበለዚያ ልጁ አፍሮ ፓፉን ቦርሳው ውስጥ ይደብቃል።

ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የታህሳስ ጠዋት ብርዱ አይጣል ነው፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ክፍል የደረሰ ልጅ በደረቅ መጥረጊያ የተነሳ አቧራና የጠመኔ ብናኝ ይቀበለዋል፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ከሰልና እጣን። ህዳር 12 ቆሻሻ ሲታጠንማ አለመነሳቱ ነው የሚገርመው። መፍትሄው ብዙ ብር አይጠይቅም፣ ወለሉን ውሃ ረጭቶ መጥረግ፣ ልጁን ከጠረጋ ተራ ማውጣት፣ ከሰሌዳው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። ስፖርት ግን አይከልከል፣ አሟሙቆ ይጫወት፣ ሀኪም ካዘዘለት ከጨዋታው በፊት ፓፉን ይሳብ።

መድሃኒቱ ሁለት አይነት ነው። ሳልቡታሞል ሲያፍን ቶሎ የሚከፍት ነው፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ያሉት ደግሞ ቁጣውን የሚያበርዱና ምንም ሳይሰማው በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው፣ ከነሱ በኋላ አፍ መጉመጥመጥ አይረሳ። ችግሩ ልጁ ሻል ሲለው ይሄኛውን ማቆሙ ነው። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬም እኮ ብዙ ልጅ ጎድቷል፣ ሱስ አያስይዝም። ፀበል የሚጠመቅ ልጅም መድሃኒቱን የሚያቆምበት ምክንያት የለም።

ትንሽ ልጅ ፓፍ ተጭኖ እኩል መሳብ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ስፔሰር (ፓፉና የልጁ አፍ መሃል የሚገባ ባዶ እቃ) ያስፈልጋል፣ ውድ ከሆነ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል። ቂጡን በጋለ ሽቦ የፓፉን አፍ ያህል ቀዶ ፓፉን እዛ ሰክቶ ክፍተቱን መድፈን፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል፣ በሳሙና ይታጠባል ግን ውስጡ በጨርቅ አይወለወልም፣ መድሃኒቱ ግድግዳው ላይ እንዳይቀር ዝም ብሎ ይንጠፍ።

ሲነሳበት ቁጭ ይበል፣ አይተኛ። አውስትራሊያ ውስጥ የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ለአስተማሪ ቀላል ነው፣ ፓፉን 4 ጊዜ አንድ በአንድ መጫን፣ ለእያንዳንዱ 4 ትንፋሽ፣ ከዛ 4 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው መድገም። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይ መናገር ካቃተው ሳይጠብቁ ባጃጅም ቢሆን ይዞ ሆስፒታል መሮጥ ነው፣ በመንገድ ላይም ፓፉ አይቁም።

አሜሪካ ከ8 እስከ 11 አመት ላሉ ልጆች 40 ደቂቃ የሚወስዱ 6 ክፍለ ጊዜዎች ያሉት ፕሮግራም አላቸው፣ አውስትራሊያም ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። ይሄ ሁለተኛው ለእኛ የሚቀል ይመስለኛል፣ የጤና ክበብ ካለ ስራው ተጀመረ ማለት ነው።

ፓፉ ዳይሬክተር ቢሮ ተቆልፎ መቀመጡ ግን አይዋጥልኝም፣ ዳይሬክተሩ ስብሰባ የሄደ ቀንስ? ትልቅ ልጅ ኪሱ ይያዘው፣ ትንሹ የክፍል አስተማሪው ጋ። ብዙው የሳልቡታሞል ፓፍ 200 ጊዜ ነው የሚያገለግለው፣ መድሃኒቱ ካለቀ በኋላም ጋዙ እየወጣ ያለ ስለሚያስመስል ቆጣሪ ከሌለው የተጀመረበትን ቀን በፕላስተር ላይ ፅፎ መለጠፍ ነው።