ፕሮግራም ቪዥዋላይዜሽን ምንድን ነው?

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ እነዚህን ሦስት መስመሮች እንይ፦

ሀ = [1, 2, 3]
ለ = ሀ
ለ[0] = 9

(ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በቫሪያብል (ዋጋ የሚጠራበት) ስምነት ይቀበላል፤ ኮዱ እንዳለ ይሠራል።) ፓይተን ከ0 ስለሚቆጥር [0] ማለት የመጀመሪያው ማለት ነው። አሁን የሀ የመጀመሪያ ቁጥር ስንት ነው? ብዙ ጀማሪ 1 ይላል፤ የተነካው ለ ነዋ! መልሱ ግን 9 ነው። ሁለተኛው መስመር ሊስቱን (የቁጥሮቹን ዝርዝር) አልቀዳውም፤ ለዚያው ሊስት ሌላ ስም አወጣለት እንጂ። ይህን በቃል ደጋግሞ መንገር እምብዛም አይረዳም፤ የተሳሳተው ተማሪው በአእምሮው የያዘው ሥዕል ነውና።

ፕሮግራም ቪዥዋላይዜሽን ማለት ኮድ ሲሠራ ሜሞሪ ውስጥ የሚሆነውን መስመር በመስመር በሥዕል ማሳየት ነው። ፊሊፕ ጉዎ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ፓይተን ቱተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ምንም ሳይጫን በብሮውዘር ይከፈታል። ኮዱ በግራ፣ ሜሞሪው በቀኝ ይታያል። ሁለተኛው መስመር እንዳለፈ ከሀ እና ከለ የወጡ ሁለት ቀስቶች አንድ ሊስት ላይ ያርፋሉ። መስመሩን ለ = ሀ[:] (የሀ ቅጂ) ብላችሁ ብትቀይሩት ሊስቱ ሁለት ይሆንና ቀስቶቹ ይለያያሉ።

የምታስተምሩ ከሆነ ግን ከኮዱ ጎን ያሉትን ቀስቶች አስቀድማችሁ አስረዱ። አረንጓዴው አሁን የተፈጸመውን መስመር፣ ቀዩ ቀጥሎ የሚፈጸመውን ያሳያል። ቀዩን እንደተፈጸመ የቆጠረ ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ በአንድ መስመር ይዛነፍበታል።

መምህሩ በፕሮጀክተር እየነካ ተማሪው ዝም ብሎ ካየ ትምህርቱ አይያዝም። ሃንድሃውሰን፣ ዳግላስና ስታስኮ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 አልጎሪዝምን (የኮምፒውተር አሠራር ቅደም ተከተልን) በሥዕል ስለማሳየት የተደረጉ 24 ሙከራዎችን መርምረው የደረሱበትም ይኸው ነው፦ ከሚታየው ሥዕል ይልቅ ተማሪው በሥዕሉ የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ከመነካቱ በፊት ተማሪው ቀጥሎ የሚመጣውን ሣጥንና ቀስት በወረቀት ይሣል። ከዚያ ይነካ፣ ያስተያይ። ሥዕሉ ከስክሪኑ የተለየባት መስመር ያልገባችው መስመር ናት፤ ማብራሪያውም እዚያች ላይ ይሁን።

ኮዱ ከ10 መስመር አይብለጥ፣ ሉፑም (የሚደጋገመው የኮዱ ክፍል) ሦስት አራት ጊዜ ቢዞር በቂ ነው። መሣሪያው የእርምጃ ገደብ ስላለው ረጅም ሉፕ መሐል ላይ ይቆማል፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለ ፋይልም አያነብም።

ኢንተርኔት ከሌለ ሰሌዳው ይበቃል። ስሞቹን በግራ፣ ሊስቶቹን በቀኝ ሥላችሁ በቀስት አገናኙ። ዋጋ ሲቀየር አሮጌውን አታጥፉት፤ ሰርዛችሁ አዲሱን አጠገቡ ጻፉ፣ ተማሪው ወደ ኋላ ተመልሶ መቼ እንደተቀየረ እንዲያይ።