ፓታጎኒያ፦ የመሥራቹ እምነት የሠራተኛ ደንብ ሲሆን

ፓታጎኒያ የተራራና የባሕር ስፖርት ልብስ የሚሸጥ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1973 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋመው ኢቮን ሹናርድ የተባለ ተራራ ወጪ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቬንቹራ ከተማ ይገኛል።

"ለአካባቢ እንቆረቆራለን" የማይል ድርጅት ዛሬ የለም። ብዙዎቹ ጋ ግን ነገሩ ከግድግዳ ላይ ጽሑፍ አያልፍም። እዚህ ኩባንያ የመሪው አቋም የሰው ኃይል አስተዳደሩ ውስጥ ገብቷል። ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቋረጥ እስከ ሁለት ወር ድረስ ለአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ሄዶ መሥራት ይችላል። በሰላማዊ የአካባቢ ተቃውሞ ላይ ከታሰረ ደግሞ የዋስትናውን ገንዘብ ኩባንያው ይከፍልለታል። ሌላ ቦታ ቢሆን ማስጠንቀቂያ ነበር የሚጻፍበት! ከ1983 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ አለ። ማዕበሉ ጥሩ ሲሆን ሰርፊንግ (ማዕበል ላይ በሳንቃ መንሸራተት) መሄድም ነውር አይደለም፤ ሥራው እስካልተበደለ ድረስ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የጥጡ ታሪክ ነው። በ1988 ቦስተን አዲስ ሱቅ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞቹ ራስ ምታት ያዛቸው። ሲጣራ፣ ምድር ቤት ከተከማቸው የጥጥ ልብስ ፎርማልዴይድ የሚባል ኬሚካል እየተነነ፣ አየር ማናፈሻው በደንብ ስለማይሠራ ሱቁ ውስጥ ይዞር ነበር። አየር ማናፈሻውን አስጠግኖ ነገሩን መዝጋት ይቻል ነበር። እነሱ ግን ጥጡ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ጀመሩ። ሠራተኞችን በአውቶቡስ እየጫኑ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለው ሳን ዋኪን ሸለቆ ወስደው፣ ፀረ ተባይ የሚረጭበትን የጥጥ ማሳ አሳዩ። በ1996 የጥጥ ልብሳቸው በሙሉ ያለ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ ከበቀለ (ኦርጋኒክ) ጥጥ መሠራት ጀመረ። ወጪው ከበድ ያለ ነበር፤ ግን ማሳውን በዓይኑ ያየ ሠራተኛ "ለምን?" ብሎ አይጠይቅም። ከስብሰባ አዳራሽ ሥልጠና ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

በ2022 የሹናርድ ቤተሰብ የኩባንያውን ባለቤትነት ንብረትን በአደራ ለሚይዝ አንድ ተቋምና ለአካባቢ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት አስተላለፈ። ትርፉ ለምድር ይውል ተባለ።

እንዲያም ሆኖ ገበያ ሲጠብ ሠራተኛው አይተርፍም። በ1991 ከሠራተኛው አንድ አምስተኛው፣ 120 ሰው፣ በአንድ ቀን ተሰናበተ። በ2024 ደግሞ ከቤታቸው ይሠሩ የነበሩ 90 ያህል የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ወደተመረጡ ከተሞች እንዲዛወሩ፣ ካልሆነ እንዲለቁ ተነገራቸው። እንዲወስኑ የተሰጣቸው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር።