ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ያሰበ ልጅ አሜሪካ ኮሌጅ የመግባት ዕድሉ እንዴት ይገመታል?

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቡና በተፈላበት ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካለ «የት ልትገባ ነው?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ልጁ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ይጠራና ኮምፒውተር ሳይንስ ይላል። አጎት ስልኩን አውጥቶ ዩኒቨርሲቲው ከመቶ ስንት እንደሚቀበል ያያል፣ 40 የሚል ያገኛል፣ «ኧረ ይሄማ ያለቀለት ነው!» ይላል። አጎት ተሳስቷል። ቁጥሩ ውሸት ሆኖ አይደለም፣ የሌላ በር ቁጥር ስለሆነ ነው።

ብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለኮምፒውተር ሳይንስ ለብቻው በር አበጅተዋል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኧርባና ሻምፔይን በቅርብ ዓመታት በጠቅላላው ከአመልካቾቹ 40 በመቶ ገደማ ሲቀበል፣ ኮምፒውተር ሳይንስን ከመረጡት ግን የሚወስደው ከ10 በመቶ በታች ነው። ካርኔጊ ሜሎን ውስጥም ኮምፒውተር ሳይንስ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፣ መግቢያውም ከቀረው ዩኒቨርሲቲ የጠበበ ነው። «ሌላ ነገር ብለህ ግባና በኋላ ትቀይራለህ» የሚለው ምክር ድሮ ይሠራ ነበር፣ አሁን ግን ብዙ ቦታ አይሠራም። በርክሌይ ቀድሞ ገብተው የመጀመሪያዎቹን ኮርሶች በጥሩ ውጤት ላለፉት ሜጀሩን (ዋና የትምህርት ዘርፉን) ይፈቅድ ነበር። ከ2023 መኸር ወዲህ ግን ልጁ ገና ሲያመለክት መርጦ በዚያው መመረጥ አለበት። ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ ነው፣ በቀጥታ ያልገባ ልጅ በኋላ የመግባት ተስፋው የመነመነ ነው። ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክም ኮምፒውተር ሳይንስን የቦታ ገደብ ካለባቸው ሜጀሮች ውስጥ አስገብቶታል።

ኤምአይቲና ስታንፎርድ ደግሞ ሌላ ናቸው። ልጁን በሜጀር አይቀበሉትም፣ ከገባ በኋላ ነው የሚመርጠው። በሩ አንድ ነው ማለት ነው፣ ግን ከ100 አመልካች 5 እንኳ አያስገባም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ትክክለኛውን በር ማግኘት ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ፣ ነፃ ነው። ሲ7 የሚባለው ሰንጠረዥ ኮሌጁ ለውጤት፣ ለፈተና፣ ለድርሰት፣ ለነዋሪነት ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ በራሱ አንደበት ይናገራል። እኔ ብሆን ገንዘብ ከፍሎ አማካሪ ከመቅጠር በፊት እሱን ነው የማነበው። እዚያው ላይ ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤትም አለ፣ ግን ተጠንቀቁ። ፈተና በማያስገድድ ኮሌጅ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት አይልኩትም፣ ስለዚህ የታተመው ቁጥር ከገቡት ልጆች እውነተኛ ውጤት ከፍ ብሎ ይታያል። ኤምአይቲ ኤስኤቲን በ2022 እንደገና አስገዳጅ አድርጓል፣ ጆርጂያ ቴክም ይጠይቃል፣ የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ብትልኩላቸውም ለመግቢያ አያዩትም። ልጁ 1550 አምጥቶ ከነሱ አንዱ በሆነው ዩሲኤልኤ ላይ «ይሄ ውጤት ያስገባኛል» ቢል ከንቱ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የልጁ ትምህርት ቤት ራሱ ነው። ናቪያንስ የሚባለው የኮሌጅ ማመልከቻ መከታተያ ወይም እሱን የመሰለ ሲስተም ካላቸው፣ ከዚያው ትምህርት ቤት በቀደሙት ዓመታት ያመለከቱ ልጆች በምን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እንደገቡና እንደቀሩ በነጥብ ይታያል። ጥሩ ነገር ነው፣ ምክንያቱም 3.9 ጂፒኤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትርጉሙ ይለያያል። ችግሩ፣ በአብዛኛው የትኛው ነጥብ የኮምፒውተር ሳይንስ አመልካች እንደሆነ አይናገርም። ታሪክ ሊማር የገባ ልጅ ነጥብ እያያችሁ ልትጽናኑ ትችላላችሁ።

ከቁጥሮቹ ውስጥ ለዚህ ሜጀር ከሁሉም በላይ የሚታየው ሒሳብ ነው። ካልኩለስ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ውስጥ ሆኖ ካልኩለስን የዘለለ ልጅ ብዙ ጌም ቢሠራም ያስጠረጥረዋል። ትምህርት ቤቱ ኤፒ የሚባለው የኮሌጅ ደረጃ የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርስ ከሌለው ግን አይቀጣበትም፣ የሚመዘነው ከቀረበለት ምን ያህል እንደወሰደ ነው።

ከክፍል ውጪ ያለ እንቅስቃሴ የሚባለው ላይ የእኛ ልጆች ራሳቸውን ይበድላሉ። ኮመን አፕ የሚባለው ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ 10 መስመር ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ 150 ፊደል ብቻ። ልጁ የሮቦቲክስ ክለብና የሂሳብ ውድድር ይጽፍና፣ ቅዳሜና እሑድ የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ መሥራቱን፣ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት ማምጣቱን፣ እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ ማስተርጎሙን «ይሄ ምን ይጻፋል» ብሎ ይተወዋል። ይጻፋል! ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ ራሱ አለ።

ድርሰቱና የመምህራን ደብዳቤ ግን በውጭ ሰው አይገመቱም። «60 በመቶ ዕድል አለህ» የሚል ሰው፣ አጎትም ይሁን የሚከፈለው አማካሪ፣ የፋይሉን ግማሽ ሳያይ ነው የሚናገረው። ሌላም የሚያሳስት ሂሳብ አለ፦ 5 በመቶ የሚቀበሉ 20 ኮሌጆች ላይ ካመለከትኩ አንዱ የግድ ይወስደኛል የሚለው። ሎተሪ አይደለም፣ ሁሉም የሚያዩት ያንኑ ፋይል ነው፣ አንዱ የጣለበትን ምክንያት ሌላውም ያገኘዋል። ይልቅ ኮምፒውተር ሳይንስ በእርግጠኝነት የሚያስገባና ቤተሰቡ የሚችለው ሁለት ኮሌጅ ይኑር፣ ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን ያህል መመኘት ይቻላል። ቨርጂኒያ ላለ ልጅ ጆርጅ ሜሰን እንዲህ ዓይነት ነው፣ አብዛኞቹን አመልካቾች ይቀበላል።

ነዋሪነትም ዕድሉን ይቀይራል። ጆርጂያ ቴክ ለጆርጂያ ልጅና ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጣ አንድ ዓይነት ኮሌጅ አይደለም፣ ለውጭው በጣም ይጠብባል። በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ግሪን ካርድ ስላለው የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል፣ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ግን ብዙ ቦታ 12 ወር መኖር ይጠበቅበታል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚያመለክት ልጅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ በር አለበት፣ ገንዘብ። ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና አምኸርስት የውጭ ተማሪ ድጋፍ መጠየቁን ለመግቢያ አያዩበትም። አብዛኛው ሌላ ኮሌጅ ያያል። ብዙ በጠየቀ ቁጥር ዕድሉ ይቀንሳል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጋፍ በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ተቀባይነት አግኝቶ መክፈል አቅቶት የሚቀር ልጅ ብዙ ነው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው የሚጨልም ወላጆች አሉ፣ አይገባኝም። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ገብቶ አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ጆርጅ ሜሰን መሻገር የታወቀ መንገድ ነው፣ ዋጋውም ርካሽ። ሜሪላንድ ካለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሚሻገሩም ብዙ ናቸው፣ ግን ለኮምፒውተር ሳይንስ እዚያም ገደብ አለ፣ ስለዚህ ልጁ የትኛውን ሒሳብ መቼ መውሰድ እንዳለበት ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ከአማካሪው ጋር ይነጋገር።